ባይኪንማንን በአማርኛ ማናገር፦ «ሃ ሂ ፉ ሄ ሆ»ን ምን እናድርገው?

ሰብለ ከካቱሺካ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቶኪዮ፣ ካቱሺካ ውስጥ ለ12 ልጆች የ10 ደቂቃ የአሻንጉሊት ጨዋታ በአማርኛ እየተዘጋጀ ነው። ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 7 ነው። አማርኛ ይሰማሉ፣ ሲመልሱ ግን በጃፓንኛ ነው። አንፓንማንን፣ ፊቱ ዳቦ የሆነውንና ለተራበ ቆርሶ የሚያበላውን የጃፓን የልጆች ፊልም ጀግና፣ በቃላቸው ያውቁታል፤ አፋቸውን የሚያስከፍታቸው ግን ጀግናው ሳይሆን ባላጋራው ባይኪንማን ነው። የተቸገርንባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ባይኪንማን ሲገባም ሲደነግጥም «ሃ ሂ ፉ ሄ ሆ!» ይላል። እንዳለ እንተወው ወይስ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እናስብለው? ስሙንስ «ጀርም» ብለን እንተርጉመው? የአንፓንማን ፊት ውሃ ነክቶት በአዲስ የሚቀየርበትስ በካርቶን እንዴት ይሠራል? በሙከራው ላይ ፊቱ ሲነቀል አንገቱም አብሮ መጣ። በዚያ ላይ ወላጆች ጨዋታው ስለ እጅ መታጠብ ይሁን ብለዋል፤ መጨረሻ ላይ ባይኪንማን በሳሙና ቢሞት ምን ትላላችሁ?

ባለ ፊደል፦

ስለ ድምፁ ብቻ ልመልስ። የጃፓን የድምፅ ገበታ አናባቢው አምስት ነው፤ ተራውም ኣ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ። «ሃ ሂ ፉ ሄ ሆ» የዚያ ገበታ ስድስተኛ ረድፍ ነው። ለጃፓን ልጅ ከመሃል ተቆርጦ የመጣ፣ ትርጉም የሌለው ቀልድ ነው። ለእኛ ግን ሀ ሁ ማለት ፊደል መቁጠር ማለት ነው። ባይኪንማን ዘሎ ገብቶ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ካለ ክፋቱ ጠፍቶ የኔታ ሆኖ ያርፈዋል፤ ልጆቹም «ለ ሉ ሊ ላ» ብለው ይቀጥሉለታል። ስለዚህ አትለውጡት። ይልቅ ስህተቱን ወንጀል አድርጉት።

እንዲህ ነው። የጃፓንኛውን ረድፍ ከእኛው ጎን አስቀምጪና ቁጠሪ። ከሰባቱ ሀ፣ ሁ እና ህ የሉም። ፉ ደግሞ ከፈ ረድፍ ሾልኮ የገባ እንግዳ ነው። ታሪኩ በቃ ይኸው ነው፤ ባይኪንማን ከፊደል ገበታው ሦስት ፊደል ሰርቆ በቦታቸው አንድ ፉ ጣለ። ሰባት ካርዶች ግድግዳው ላይ ይሰቀሉ፣ ሦስቱ ይነሱ፣ በሁ ቦታ ፉ ይለጠፍ። ልጆቹ የጎደለውን ራሳቸው ይጥሩ።

ሁለት ማሰናከያ አለው። ሀ እና ሃ ዛሬ ድምፃቸው አንድ ነው፤ በጆሮ ብቻ የሚከታተል ልጅ ሀ መጥፋቱን አያውቅም። ስለዚህ ካርዱ የግድ ነው፣ በትልቁ ይጻፍ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት አይነሰው። ህ ደግሞ በጃፓንኛ የሌለ አናባቢ ነው፤ ልጆቹ ወደ «ሁ» ይጎትቱታል። «ህ» ለብቻው ከተጠራ ያስቸግራቸዋልና በቃል ውስጥ አስገቡት፤ «ህፃን» ብሎ ማስጀመር ይቀላል።

ስለ ፉ ደግሞ፦ የጃፓኑ ድምፅ የእኛ ፉ አይደለም፣ የእኛ ሁም አይደለም። የላይ ጥርስ የታች ከንፈርን ሳይነካ፣ ትኩስ ሻይ ለማብረድ እፍ እንደምንለው በሁለት ከንፈር ብቻ ይወጣል። ባይኪንማንን የሚያናግረው ሰው እንደዚያ ካላለው ልጆቹ ወዲያው ይነቁበታል፤ ጆሯቸው እዚያ ነው ያደገው። የመጨረሻው ሆ ይረዝማል፣ ሁለት ሰከንድ ያህል። ድምፁ የሻከረ ነው ብሎ ከጉሮሮ መጮህ ሳይጨርሱ ማሳል ያመጣል፤ አየሩን ከሆድ ገፍቶ በአፍንጫ ማውጣት ነው።

አለሁ ባይ፦

ስሙን አትንኩት። ባይኪን በጃፓንኛ ጀርም ነው፤ ልጆቹ ያውቁታል፣ ማስረዳት አያስፈልግም። ዋናው ምክንያት ግን ሲመታና ወደ ሰማይ ሲወነጨፍ የሚለው «ባይ ባይኪን!» ነው። ስንብቱና ስሙ በአንድ ቃል ይጋጠማሉ። «ጀርም» ካላችሁት «ቻው ጀርም» ብቻ ይቀራል፣ ቀልዱ ሞተ። «ባይ ባይ» ደግሞ በአማርኛም የተለመደ ስለሆነ ያለ ምንም ጥገና ያልፋል።

የሌሎቹን ስም ግን ብትተረጉሙ ታተርፋላችሁ። ዳቦ ጋጋሪው ጃም ኦጂሳን ነው፤ ኦጂሳን አጎት ወይም ጎልማሳ ሰው ማለት ስለሆነ «አባባ» ያስረጀዋል። ጋሽ ማርማላታ በሉት። ረዳቱ ባታኮ ስሟ ከቅቤ የመጣ ነው፤ ቅቤነሽ ብትሏት አገር ቤት ያለች ዘመድ ትመስላለች። የባይኪንማን ባልደረባ ዶኪን ደግሞ ስሟ የልብ ምት ድምፅን ከባይኪን ጋር ያጋባ ነው፤ ልቧ ለምግብም ለነጩ ዳቦ ልጅ ለሾኩፓንማንም ትር ትር ይላል። ለእሷ ስሟን ትታችሁ «ልቤ ትር ትር አለ» የሚለውን መፈክሯ አድርጉት።

አንፓንማንን «ቦምቦሊኖ» የማለት ፈተና ይመጣባችኋል፤ አይሆንም። ቦምቦሊኖ በዘይት ይጠበሳል። አንፓን ግን በምድጃ የሚጋገር፣ ሆዱ ውስጥ በስኳር የተቀቀለ ትንንሽ ቀይ አደንጓሬ መሰል ጥራጥሬ ያለበት ዳቦ ነው፤ ቶኪዮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1874 የተፈጠረ።

አማርኛ የሚሰጣችሁና ጃፓንኛው እንዲህ አድርጎ የማይሰጠው አንድ መሣሪያ አለ፦ አንተ፣ አንቺ እና እርስዎ። ባይኪንማን ሌላ ሰው መስሎ መምጣት ልማዱ ነው። ሻሽ አስሩለትና «እንደምን ዋሉ እትዬ ቅቤነሽ፣ ትንሽ ዳቦ ይሰጡኛል?» ይበል። ከዚያ ሆዱ ሲቸኩል «ስጪኝ አልኩሽ!» ብሎ ይሳት። ከእርስዎ ወደ አንቺ መውደቁን ልጆቹ ከያዙ «ባይኪንማን ነው!» ብለው መጮሃቸው አይቀርም፤ የአክብሮት ግስ በትምህርት ሰዓት ለማስረዳት የሚፈጀውን ጊዜ ታተርፋላችሁ። ዶኪን ደግሞ ሁልጊዜ «ና! አምጣ!» ትለው፣ እሱም «እሺ፣ እሺ» ይበል። በዋናውም የሚያዘው ሳይሆን የሚታዘዘው እሱ ነው።

ካርቶን ቀዳጅ፦

አንገቱ የመጣው ማጣበቂያው ስለበዛ ነው። ጫማ ላይ ያለው ጭርር ብሎ የሚላቀቀው ጨርቅ ከሆነ የተጠቀማችሁት፣ የፊቱን ጀርባ ሙሉ አትሸፍኑት፤ 2 በ2 ሴንቲ ሜትር አንድ ቁራጭ ይበቃል። ሻካራው ወገን ሰውነቱ ላይ፣ ለስላሳው ፊቱ ላይ። ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር የእንጨት ዘንግ ከአንገቱ ጀምሮ በጀርባው እስከ ታች ድረስ በፕላስተር ይታሰር፤ ሲነቀል ጉልበቱን የሚሸከመው እንጨቱ እንጂ ካርቶኑ አይሆንም። ሽቦ ለዚህ አይሆንም፣ ይጎብጣል። ሲነቀልም ቀጥ ብሎ ወደ ፊት አይሳብ፣ ከሥር ወደ ላይ ይገልበጥ።

ሦስት ፊት ቁረጡ፣ ሁሉም 14 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ በድርብ ካርቶን። አንዱ ሙሉ። አንዱ ለተራበው ቆርሶ የሰጠበት፣ ከስድስት አንድ እጁ የጎደለ፣ የተቆረሰበት ጠርዝ ጥቁር ቀይ የተቀባ። ሦስተኛው የረጠበው፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ዓይኑ የተንጠለጠለ። «አዲስ» ሆኖ የሚመጣው የመጀመሪያው ሙሉ ፊት ራሱ ስለሆነ አራተኛ አያስፈልግም።

እውነተኛ ውሃ በጭራሽ። ካርቶኑ ያብጣል፣ ቀለሙ ይወርዳል፣ ሁለተኛ ትርኢት የላችሁም። ሰማያዊ ፌስታል በ1 ሴንቲ ሜትር ስፋት እየተሸነሸነ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከዱላ ጫፍ ይታሰር፤ ሲወዛወዝ ውሃ ይመስላል። ፊቱ በሚቀየርበት ቅጽበት ከበሮ አንዴ ይመታ። ድምቀት ብቻ አይደለም፣ ጭርር የሚለውን ድምፅ ይውጠዋል።

ለራሱ ለባይኪንማን ሁለት ነገር። ጥቁር ስለሆነ ጥቁር መጋረጃ ፊት ለፊት ይጠፋል፤ ከኋላው ነጭ ወይም ሰማያዊ አንሶላ ይሁን። እንደ መብረቅ የተሰባበሩት ቀንዶቹ ከነጠላ ካርቶን ከተሠሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠቅማችሁ ይዘነበላሉ፤ በሁለት ካርቶን መሃል ቀጭን ሽቦ ይግባ፣ የሽቦው ጫፍ ይታጠፍ፣ ልጅ መያዙ አይቀርምና። ሲወነጨፍ ትልቁን ወደ ላይ መወርወር አያስኬድም፤ 25 ሴንቲ ሜትር ትልቅና 6 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ባይኪንማን ሥሩ። ትልቁ ከካርቶን ደመና ጀርባ ይግባ፣ ትንሹ ከላይ ይውጣና በክር ይሳብ። ርቆ እየሄደ ይመስላል።

ደበሎ፦

በሳሙና አትግደሉት። ይህ ምሕረት አይደለም፣ የታሪኩ አሠራር ነው። ተከታታዩ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በጃፓን ቴሌቪዥን ይታያል፤ ባይኪንማን በየታሪኩ ይመታል፣ ይወነጨፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ከሞተ ልጆቹ ግራ ይጋባሉ፣ አንዳንዱም ያለቅሳል።

የእጅ መታጠቡም ነገር ቢሆን ጀርም እንደዚያው ነው፤ ታጥበን እናርቀዋለን እንጂ አንጨርሰውም። ፈጣሪው ታካሺ ያናሴ (1919–2013) ዳቦና ጀርም ጠላት ብቻ እንዳልሆኑ ያስረዱ ነበር፤ ዳቦ ያለ እርሾ አይነፋም፣ እርሾም ረቂቅ ሕይወት ያለው ነገር ነው። እንጀራ የምትጋግር እናት ይህን ለማመን ማስረጃ አትጠይቅም። ስለዚህ «ጀርም ሁሉ መጥፎ ነው» የሚል አረፍተ ነገር ከጋሽ ማርማላታ አፍ አይውጣ፣ ሊጥ እያቦካ እንዴት ይላል?

የባለ ፊደል የሌብነት ሐሳብ ግሩም ነው። ግን ሌብነቱ፣ ሻሹና እጅ መታጠቡ ሦስቱም በ10 ደቂቃ አይገቡም። እኔ እጅ መታጠቡን አሳጥሬ ፊደሉን አስቀድም ነበር፤ ልጆቹ ሳሙናን በጃፓንኛም ይሰሙታል፣ ህን ግን ከእናንተ በቀር ማንም አይሰጣቸውም። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ አንፓንማን ለተራበ ልጅ ከፊቱ ይቁረስ። ቀጥሎ ባይኪንማን ይግባና ፊደሉን ይስረቅ፣ ለዚህ ሁለት ደቂቃ። ለሻሹ ሁለት ተኩል ስጡት፣ ሳቁ እዚያ ነው። ከዚያ ውሃው፤ «ፊቴ ረጠበ፣ ጉልበቴ ከዳኝ»። ቅቤነሽ አዲሱን ፊት ትወርውር፣ «ጉልበቴ መቶ እጥፍ!»፣ ቡጢ፣ «ባይ ባይኪን!»። ከውሃው እስከዚህ ሦስት ደቂቃ። ሲወነጨፍ ፊደሎቹ ከእጁ ይርገፉ፣ የቀረው ደቂቃ ተኩል ልጆቹ አንስተው እስኪሰቅሉ ነው። ካርዶቹ ወለል ነክተዋልና እጅ መታጠቡ እዚያው ይመጣል፣ ስብከት ሳይሆን።

ገጸ ባሕርይ አታብዙ። እ.ኤ.አ. በ2009 ለተከታታዩ 1,768 ገጸ ባሕርያት ተቆጥረው ጊነስ መዝግቦታል፤ እናንተ ከአምስት አትለፉ።

ሰብለ ከካቱሺካ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሻንጉሊት የሚይዙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ዶኪንን እናስቀራት?

ካርቶን ቀዳጅ፦

አታስቀሩ፣ ግን እጅ አትስጧት። ባይኪንማንን የሚይዘው ሰው በድምፅ ብቻ ከመጋረጃ ጀርባ ያሰማት፤ ሁለቱ ድምፆች እንዳይቀላቀሉ የእሷ ቀጭንና ፈጣን ይሁን። ፊት በሚቀየርበት ሰዓት አራቱም እጅ ሥራ ላይ ነው፤ አንዱ ሰው በግራው አንፓንማንን ይይዛል፣ በቀኙ የረጠበውን ይገለብጣል፤ ሌላው በቀኙ አዲሱን ያመጣል፣ በግራው ባይኪንማንን ይይዛል። ከበሮውን የሚመታ የለም ማለት ነው። ከተመልካቾቹ አንድ ትልቅ ልጅ ከበሮው ጋ ይቀመጥና «ቅቤነሽ፣ ወርውሪ!» ሲባል ይምታ።