ፎቶዎቼ ብዥ ይሉብኛል፤ ጥፋቱ የእጄ ነው ወይስ የሌንሱ?

ጀማሪ አንሺ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ሆኜ መድረክ ሳነሳ ከግማሽ በላይ ፎቶዎቼ ብዥ ይላሉ። ካሜራው ባለ 1.6 ክሮፕ (ምስል ተቀባዩ ሴንሰር ከ35 ሚሜ ፊልም 1.6 ጊዜ የሚያንስ) ዲኤስኤልአር (ፎቶ ሲነሳ ወደ ላይ የሚነሳ መስታወት ያለው ካሜራ)፣ ሌንሱ 55-250 ሚሜ ነው። የማነሳው 200 ሚሜ ላይ፣ በኤፍ 5.6 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ በሹተር ስፒድ (ሹተሩ ክፍት የሚቆይበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ እና በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 400 ነው፤ ስቴቢላይዘሩም (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክሰው የሌንሱ ክፍል) በርቷል። ማታ በትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) በ1/8 ሰከንድ ያነሳኋቸውም ጥርት አላሉም። ይበልጥ ግራ የገባኝ ይሄኛው ነው። ምን ልቀይር?

ባለሌንስ፦
ወንድሜ፣ ምንም ከመቀየርህ በፊት ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ መቶ በመቶ አጉልተህ እየው። የብዥታው መልክ ምክንያቱን ይነግርሃል። ካሜራው ተንቀጥቅጦ ከሆነ ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎተታል፤ ነጥብ መሆን የነበረበት የአምፖል ብርሃን አጭር ሰረዝ ሆኖ ታገኘዋለህ። ፎከስ ስቶ ከሆነ ያው ነጥብ ክብ ሆኖ ያብጣል፤ ከሰውየው ፊት ወይም ኋላ ያለ ሌላ ነገር ደግሞ ጥርት ብሎ ይታያል። የተንቀሳቀሰው ሰውየው ከሆነ ግን እሱ ብቻ ይደበዝዛል እንጂ ዙሪያው ደህና ነው።

ለእጅ የሚሆነው መነሻ፣ ሹተር ስፒድህ ከሌንሱ የፎካል ርዝመት (የሚሜው ቁጥር) ግልባጭ እንዳይዘገይ ነው፤ በክሮፕ ካሜራ ርዝመቱ በክሮፑ ይባዛል። 200 ሚሜ በ1.6 ሲባዛ 320 ስለሚሆን፣ ያለ ስቴቢላይዘር ቢያንስ 1/320 ያስፈልግሃል። የሴንሰሩ ፒክስል ብዙ ከሆነና ፎቶውን አጉልተህ የምትመረምር ከሆነ ከዚያም በላይ ፍጠን።

ጀማሪ አንሺ፦
አየሁት። በአንዳንዶቹ የማይኩ ማቆሚያ ጥርት ብሏል፣ የተናጋሪው እጅና ፊት ግን ተጎትቷል። በሌሎቹ ሁሉም ነገር ወደ ታች ተስቧል።

ባለሌንስ፦
እንግዲያው ሁለት ችግር ነው ያለብህ። ስቴቢላይዘር የሚያረጋጋው የአንተን እጅ ብቻ ነው፤ የተናጋሪውን እጅ አያቆምም። እጁን እያወዛወዘ ለሚናገር ሰው 1/250 አካባቢ ጀምር፣ ፈጠን ካለ 1/500። ኤፍ 5.6 ላይ እንዳለህ አይኤስኦውን ወደ 1000 ብታደርሰው 1/320፣ 1600 ብታደርሰው 1/500 ታገኛለህ፤ ብርሃኑ ያው ነው። አይኤስኦ ከፍ ማድረግ አትፍራ! ኖይዝ (በምስሉ ላይ የሚታይ ነጠብጣብ) በኋላ ይቀንሳል፣ የተጎተተ ፊት ግን አይመለስም። ካሜራህ አውቶ አይኤስኦ (አይኤስኦውን ራሱ ሲመርጥ) ላይ ዝቅተኛ ሹተር ስፒድ ማስቀመጥ የሚፈቅድ ከሆነ እዚያ ወስነው።

ወደ ታች የተሳቡት ደግሞ ቁልፉን ስለምትመታው ሊሆን ይችላል። ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጭነህ ስቴቢላይዘሩ እስኪረጋ ትንሽ ቆይ፤ በእይታ መስኮቱ ምስሉ ሲረጋጋ ታየዋለህ። ከዚያ ጣትህን ሳታነሳ ቀስ ብለህ ጨርሰው። የግራ መዳፍህ ከሌንሱ ሥር ይሁን፣ ክርኖችህ ከጎድንህ ይጠጉ፣ ትንፋሽህን አውጥተህ ጫን። በተከታታይ ሦስት አንሳ፤ የመጫኑ ንቅናቄ የሚያርፈው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ላይ ስለሆነ ሁለተኛው ይሻላል።

ትሪፖድ ወዳድ፦
የማታውን እኔ ልመልስ። 1/8 ለዲኤስኤልአር ክፉ ፍጥነት ነው። መስታወቱ ሲነሳ ካሜራውን ይመታዋል፣ ንዝረቱም ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ሹተሩ 30 ሰከንድ ክፍት ቢሆን ያቺ ንዝረት ከጠቅላላው ኢምንት ናት። በ1/1000 ደግሞ ለመታየት ጊዜ አታገኝም። ከ1/60 እስከ 1 ሰከንድ ባለው ውስጥ ግን ሹተሩ ክፍት ከሚሆንበት ጊዜ ጉልህ ድርሻ ትይዛለች፣ በተለይ በረጅም ሌንስ።

የ2 ሰከንድ ታይመር ብቻውን የሚያስቀረው የጣትህን ግፊት ነው፤ መስታወቱ አሁንም ሹተሩ ሊከፈት ሲል ይነሳል። ስለዚህ ከሜኑው ሚረር ሎክአፕን (መስታወቱን አስቀድሞ የሚያነሳውን) አብራና ከታይመሩ ጋር ተጠቀምበት። ወይም ላይቭ ቪው (በኋላ ስክሪኑ እያየህ) ላይ አንሳ፤ በብዙ ካሜራዎች መስታወቱ አስቀድሞ ተነስቶ ይጠብቅሃል።

ትሪፖድ ላይ ስቴቢላይዘሩን አጥፋው። አዳዲስ ሌንሶች ትሪፖድ ላይ መሆናቸውን የሚለዩ አሉ። የቆዩት ግን የሌለ ንቅናቄ እያሳደዱ ራሳቸው ምስሉን ያንሸራትቱታል።

ጀማሪ አንሺ፦
የመሃሉን ምሰሶ እስከ ላይ ስቤው ነበር። እሱስ ለውጥ አለው?

ትሪፖድ ወዳድ፦
በጣም አለው። ምሰሶው ከተሳበ ካሜራው በአንድ ቀጭን ዘንግ ላይ ነው የሚወዛወዘው። መጀመሪያ ወፍራሞቹን የእግር ክፍሎች ዘርጋ፣ ቀጫጭኖቹን ቀጥሎ፣ ምሰሶውን መጨረሻ ላይ ብቻ። ንፋስ ካለ ከምሰሶው ሥር ባለው መንጠቆ ቦርሳህን አንጠልጥል፣ ግን መሬት ይንካ፤ ተንጠልጥሎ ከተወዛወዘ ትሪፖዱንም ይዞት ይወዛወዛል። የካሜራውንም ማንገቻ ፍታው ወይም ጠቅልለው፤ ንፋስ ሲያርገበግበው ካሜራውን ይጎትታል።