በስልክ የሸጠውን የዘነጋ ይቀጣ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጥ ሰው ሆን ብሎ ሳይሆን በግዴለሽነት ገቢውን ለግብር ቢሮ አሳንሶ ቢያስታውቅ ቅጣት ይገባዋል?

የደሴ ፒያሳ ጫማ ነጋዴ፦ ይገባዋል እንጂ! እኔ የሱቅ ኪራይ እከፍላለሁ፣ ደረሰኝ እቆርጣለሁ። ደንበኛው እኔ ጋ ጫማውን ለክቶ ከስልክ ላይ ይገዛል። "ረሳሁት" ማለት ምን ያቅታል? ደንበኛ ላይ ያለውን ዱቤ የረሳ ነጋዴ ግን አይቼ አላውቅም።

የኮምቦልቻ ልብስ ሻጭ፦ ጋሼ፣ በስልክ ከሚሸጡት አንዷ እኔ ነኝ። ዕቃ ከመርካቶ አመጣለሁ፣ ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ፣ ለደሴ ደንበኞች የሐረጎን ዳገት በሚወጣ ሚኒባስ እልካለሁ። ቴሌብር ላይ የሚገባልኝ ሁሉ ገቢዬ አይደለም። የሹፌሩ ሂሳብ አለበት። ልኩ አልሆነም ብለው ለሚመልሱት ተመላሽ የማደርገው አለበት። የዕቁቡም ብር እዚያው ነው። አምና ሐምሌ ላይ ሁለት ሌሊት ስደምር አደርኩ። በባንክ የገባልኝን ግን ሳልጨምር አስታወቅኩ። ሌባ አይደለሁም።

የሂሳብ ባለሙያ፦ እህቴ፣ ሌባ ያለሽ የለም። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 እኮ ደረጃ አለው። ታክሱን አሳንሶ ያስታወቀ ሰው መጀመሪያ 10 በመቶ ይቀጣል። ሲደግም 30፣ ለሦስተኛ ጊዜና ከዚያ በላይ 40 በመቶ። የሚሰላው ከሽያጩ አይደለም፣ ከጎደለው ታክስ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚደነግጠው። የጎደለው 20,000 ብር ቢሆን የመጀመሪያው ቅጣት 2,000 ነው፣ ሁለተኛው 6,000። ታክሱና ወለዱ ለብቻ ይከፈላሉ። ሆን ብሎ ማጭበርበር ግን ወንጀል ነው፣ ያሳስራል።

የኮምቦልቻ ልብስ ሻጭ፦ 2,000 ብር ለእኔ የስንት ቀሚስ ትርፍ ነው! የመጀመሪያው በማስጠንቀቂያ ይለፍ።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ በማስጠንቀቂያ ካለፈማ ሁሉም እስኪያዝ ይጠብቃል። በልኩ ያስታወቀው ሰው ምን አገኘ? ግን ሳያስተምሩ መቅጣትም ልክ አይደለም። በስልክ ለሚሸጥ ሰው የሂሳብ አያያዙን መንገድ ቁጭ አድርጎ ያሳየ አለ?

የጫማ ነጋዴው፦ እሱስ እውነት ነው። እኔንም ያስተማረኝ አባቴ ነው እንጂ ቢሮ አይደለም። ልጄ፣ ደብተር ያዢ። የሸጥሽውን በአንድ ገጽ፣ የመለስሽውን በሌላ። ለዕቁቡም ሌላ ሂሳብ ክፈቺ።

የኮምቦልቻ ልብስ ሻጭ፦ እሺ ጋሼ፣ ዛሬውኑ እጀምራለሁ። የባንኩንም ይዤ ሄጄ አስተካክላለሁ። በመጀመሪያው ቅጣት ግን አሁንም አልተስማማሁም።