45 በመቶ ድምፅ ሁለት ሦስተኛ ወንበር የሚሆነው እንዴት ነው?

ጠያቂ፦
ስለ ሊበራል ዴሞክራሲ መዳከም በተነሳ ቁጥር ሃንጋሪ ትጠቀሳለች። እኔን ያልገባኝ ሒሳቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የቪክቶር ኦርባን ፓርቲ ፊዴስ በፓርቲ ዝርዝር 45 በመቶ እንኳ ሳይሞላለት ከ199 ወንበር 133ቱን ወሰደ። ቀሪው ከየት መጣ? እኛ ጋ ተመጣጣኝ ውክልና (ወንበር በድምፅ ድርሻ የሚከፋፈልበት ሥርዓት) ቢገባ እንዲህ ያለው ነገር ይቀራል?

ቁጥር ወዳጅ፦
ኮሮጆ መስረቅ አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሃንጋሪ የምርጫ ሕግ ይበቃል። 106 ወንበር በምርጫ ክልል፣ 93 ደግሞ ፓርቲዎች ባቀረቡት ዝርዝር፣ በድምፅ ድርሻቸው ይሞላል። ሁለተኛው ዙር ስለቀረ፣ ተቃዋሚዎች ተከፋፍለው በቀረቡበት ሁሉ አንደኛ የወጣው ያልፋል። ፊዴስ በዚህ መንገድ 96 የምርጫ ክልል አሸነፈ።

ተንኮሉ ያለው ማካካሻው ላይ ነው፤ በምርጫ ክልል ወንበር ያላስገኘ ድምፅ ለፓርቲው ዝርዝር ይደመራል። ቀድሞ ወደ ዝርዝር የሚዛወረው የተሸናፊ ድምፅ ብቻ ነበር፤ አሁን የአሸናፊው ትርፍም ይዛወራል። ሀ 20,000፣ ለ 12,000፣ ሐ 9,000 ድምፅ አገኙ እንበል። የለ እና የሐ ድምፅ እንዳለ ወደየዝርዝራቸው ይሄዳል። ሀ ግን ወንበሩን ከወሰደ በኋላ፣ ለማሸነፍ ያላስፈለገው 7,999 ድምፅ ይመረቅለታል!

ሕገ መንግሥት ለመቀየር ከ199 ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም ቢያንስ 133 ወንበር ያስፈልጋል። ፊዴስ እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ቬስፕሬም ከተማ ላይ በማሟያ ምርጫ አንድ ወንበር ሲያጣ፣ ሁለት ሦስተኛውም አብሮ ሄደ።

አዋጅ አንባቢ፦
ተመጣጣኝ ውክልና ብቻውን አያድንም። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ2002 የመረጠችው በዚሁ ሥርዓት ነበር። ነገር ግን በወቅቱ በአገር አቀፍ ደረጃ 10 በመቶ ያላገኘ ፓርቲ ፓርላማ ስለማይገባ፣ ያለፉት ሁለት ፓርቲዎች ብቻ ሆኑ፤ 45 በመቶ ገደማ ድምፅ ሜዳ ላይ ቀረ። የኤርዶጋን ፓርቲ ኤኬፒ በ34 በመቶ ከ550 ወንበር 363 ያዘ፤ ለሁለት ሦስተኛ የጎደለው 4 ብቻ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የመግቢያ ገደቡን እዩ።

እኛ ጋ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ስለተጻፈ በአዋጅ አይቀየርም። በአንቀጽ 105 መሠረት የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ እና ከክልል ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛው ይሁንታ ያስፈልጋል።

ጠያቂ፦
ሃንጋሪ አንድ ምክር ቤት ብቻ ስላላት ነው እንዲህ የቀለላት? የእኛ ቁልፍ ይበልጥ ይጠብቃል ማለት ነዋ።

ቁጥር ወዳጅ፦
በወረቀት አዎ። በ2007 ዓ.ም ግን ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ሲይዙ የክልል ምክር ቤቶቹም በእጃቸው ነበሩ። ቁልፎቹ ሁሉ አንድ ኪስ ውስጥ ከሆኑ ብዛታቸው አይረዳም። ጀርመኖች በታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸውን (ካርልስሩሄ ያለውን) 16 ዳኞችና የ12 ዓመት የሥራ ዘመናቸውን ከተራ ሕግ አውጥተው ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ አስገብተዋል፤ ካሁን በኋላ ያንን ለመቀየር የሕዝብ ተወካዮቹ ምክር ቤት ቡንደስታግም ቡንደስራትም ለየብቻ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስጠት አለባቸው። ቡንደስራት የክፍለ ግዛት መንግሥታት ቤት ነው፤ እነሱ ደግሞ በተለያየ ጊዜና በተለያየ ጥምረት ስለሚመረጡ፣ አንድ ፓርቲ በአንድ ምርጫ ሁለቱንም ጠቅልሎ መያዝ ይከብደዋል።