የታይ ሰነድ ላይ 2470 ማለት 1927 ነው ወይስ 1928?

ሐረግ ቆጣሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከባንኮክና ከቺያንግ ማይ የመጡ የአንድ ቤተሰብ ወረቀቶች ሦስት ቦታ ላይ አልገጥም ብለውኛል። የቤት መዝገቡ አያትየዋን በታይ የቡድሃ ዘመን አቆጣጠር «ፌብሩዋሪ 2470 ተወለዱ» ይላል፤ 543 ሲቀነስ 1927 ይመጣል፣ ፓስፖርታቸው ግን 1928 ይላል። አንድ ሰው ደግሞ አንዴ የልጅ ልጅ፣ አንዴ የወንድም ልጅ ተብሎ ተተርጉሟል። ከ1913 በፊት ወዳሉት ስሄድ በቤተሰቡ ስም የሚገኝ የለም። (ፓስፖርቱና ይኼ 1913 በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብራና፦
ፓስፖርቱ ልክ ነው። ታይላንድ እስከ 1940 ድረስ አዲስ ዓመቷ ኤፕሪል 1 ነበር፤ ስለዚህ 2470 ከኤፕሪል 1927 እስከ ማርች 1928 ይዘልቃል። በዚያ ዘመን ከጃንዋሪ እስከ ማርች ለተወለደ 542፣ በሌሎቹ ወራት ለተወለደ 543 ትቀንሳለህ፤ እኛ 7ንና 8ን በወሩ እንደምንለየው ማለት ነው። አዲስ ዓመቱ ወደ ጃንዋሪ 1 ስለተዛወረ 2483 ዘጠኝ ወር ብቻ ነበረው። ከ1941 ወዲህ ሁልጊዜ 543 ነው። ይህን ያልያዘ ሰው ታናሹን ታላቅ ያደርጋል፤ ፌብሩዋሪ 2470 ከሜይ 2470 በኋላ ነውና። ተርጓሚው በደፈናው 543 ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል የታይኛውን ዋና ጽሑፍ ሳታይ ቀን አትመዝግብ።

በድሮ ወረቀት እንደ 118 ያለ ባለሦስት አኃዝ ዓመት ካገኘህ 1781 ደምር፤ 1899 ይሆናል። 1200 አካባቢ ያለው «ቹላሳካራት» የሚባለው ሌላ የድሮ አቆጣጠር ነው፤ እሱ ላይ 638 ይደመራል።

ወለተ ሐና፦
ሁለተኛው የማሽን ትርጉም ጣጣ ነው። የታይኛው «ላን» የልጅ ልጅም፣ የወንድምና የእህት ልጅም ነው፤ የሚለየው በዕድሜና በወላጆቹ ስም ነው። ወደ ላይ ስትወጣ ግን ታይኛ ከአማርኛ ይልቅ ይረዳሃል። እኛ አያት ብለን የምናልፈውን አራት ቦታ ይከፍለዋል፦ የአባት አባት «ፑ»፣ የአባት እናት «ያ»፣ የእናት አባት «ታ»፣ የእናት እናት «ያይ»። የአባት ታናሽ፣ ወንድም ይሁን እህት፣ «አ» ይባላል፤ የእናት ታናሽ «ና»። ከወላጅ የሚበልጥ ወንድ «ሉንግ»፣ ሴት «ፓ»፣ በሁለቱም ወገን። ሰሜኖቹ ግን አያትን «ኡይ» ስለሚሉ የቺያንግ ማይ ሰዎችን የትኛው ወገን እንደሆነ ጠይቃቸው። እነዚህ ስሞች ለባዕድም በአክብሮት ይባላሉና መጠሪያ ብቻውን ዝምድና አያረጋግጥም።

ሐረግ ቆጣሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ቀኑ ገጠመ። የቤተሰብ ስሙስ?

ብራና፦
የቤተሰብ ስም በሕግ የመጣው በ1913፣ በንጉሥ ቫጂራቩድ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የሚፈለገው በራስ ስም፣ በወላጆችና በመንደር ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አዲስ ስም የሌላ ቤተሰብን ስም መድገም ስለማይፈቀድለት፣ በስም የሚገጥሙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ዘመዳሞች ናቸው። የቻይና ዘር ካለበት ከታይኛው ስም በፊት የነበረውን የጎሳ ስም፣ «ሴ» የሚባለውን፣ አስፈልግ። በላቲን ፊደል አትፈልግ፤ «ስሪ» ተብሎ የሚጻፈው «ሲ» ተብሎ ነው የሚነበበው፣ አንዱ ቤተሰብም ስሙን በሁለት ሦስት ዓይነት ይጽፋል። የቤት ውስጥ ቅጽል ስም ደግሞ መዝገብ ላይ የለም።

ወለተ ሐና፦
ሁለት ቦታ ልጨምር። ለቀብር ሥነ ሥርዓት የሚታደሉ የሕይወት ታሪክ መጻሕፍት አሉ፤ ባንኮክ ያለው የዋት ቦዎንኒዌት ቤተ መቅደስ ትልቅ ስብስብ አለው። በሰሜን ደግሞ የዘንባባ ቅጠል ጽሑፎች መጨረሻቸው ላይ የጻፈውንና ያስጻፈውን ሰው ስም ይይዛሉ፤ ፊደላቸው ግን «ታም» ስለሆነ የታይኛ አንባቢ ብቻውን አይበቃም። በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ አጽም በሚቀመጥበት ቦታ «ቻታ» ልደት፣ «ሞራና» ሞት ነው። ቁጥሩን አጠገቡ ሆነህ ፎቶ አንሳ፤ የታይ 4ና 5 የሚለያዩት 5 አናቱ ላይ ባለችው ትንሽ ጭረት ብቻ ነው፣ ከርቀት አትታይም።