በኮሌጅ ፉትቦል ባላባቱ ማነው?

ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። እዚህ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የቤት ኪራይ፣ የመንጃ ፈቃድና የልጆች ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ ለየት ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ከኑሮ ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ግን ታገሱኝ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ኮሎምበስ በመጣሁ በመጀመሪያው ኅዳር ብርዱ መላ ሲያሳጣኝ ያገለገለ ልብስ መሸጫ ገባሁና በ6 ዶላር ጃኬት ገዛሁ። ደህና ጃኬት ነው። ጥቁር ሰማያዊ፣ ገበሩ ወፍራም፣ ደረቱ ላይ ትልቅ ቢጫ «ኤም» ፊደል ያለበት። ፊደሉ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። እኔ የፈለግሁት ሙቀት ነው። በማግስቱ መጋዘን ሥራ ስገባ ፎርክሊፍት የሚነዳው ሰውዬ ማሽኑን ቀጥ አድርጎ አቆመና ከላይ እስከ ታች አየኝ። አለቃዬም መጣ። «በዚህ ሳምንት?» አለኝ። ከዚያ ሌላ ምንም አላለም። ክው አልኩ። የተሰረቀ ጃኬት የገዛሁ መሰለኝ።

ለካ ጃኬቱ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው። ሳምንቱ ደግሞ የእኛው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋን በአሜሪካን ፉትቦል የሚገናኙበት ነው። በዚያ ሳምንት ኦሃዮ ስቴት ግቢ ብትገቡ በየምልክቱ ላይ ያለው ኤም ፊደል በቀይ ቴፕ ተሰርዞ ታገኙታላችሁ። በሰው የተቀየመ ሕዝብ አይቻለሁ። በፊደል የተቀየመ ግን ያኔ ነው ያየሁት።

ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰዓቱ ወሬ ይገባኝ ጀመር። ዋናው ክርክራቸው «ብሉ ብለድ» ማነው የሚለው ነው። ቃል በቃል ሰማያዊ ደም። በእኛ ባላባት ብንለው ይሻላል፤ ባለ አባት፣ ዘሩ የሚቆጠርለት። ዘንድሮ ያሸነፈ ሁሉ ባላባት አይባልም። ሹመት ሌላ፣ ባላባትነት ሌላ።

ስምንት የዩኒቨርሲቲ ቡድን ላይ ብዙው ሰው ይስማማል፦ አላባማ፣ ኖተር ዴም፣ ኦሃዮ ስቴት፣ ሚሺጋን፣ ኦክላሆማ፣ ዩኤስሲ (የሎስ አንጀለሱ)፣ ቴክሳስ፣ ነብራስካ። ጠቡ የሚነሳው ማን ይውጣ፣ ማን ይግባ ሲባል ነው።

ዋንጫ ቆጥሮ መገላገል አይቻልም ወይ? አይቻልም። ይህ ስፖርት ለረጅም ዘመን የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረውም። ከ1936 ጀምሮ የአሶሲየትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች ድምፅ እየሰጡ አንደኛውን ይመርጣሉ። በኋላ አሰልጣኞችም የራሳቸውን ምርጫ ጀመሩ። ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለት ሻምፒዮን ይኖራል። በ1997 ሚሺጋንና ነብራስካ ሁለቱም ሳይሸነፉ ጨረሱ። ጋዜጠኞቹ ሚሺጋንን አነገሡ፣ አሰልጣኞቹ ነብራስካን። እርስ በርስ አልተጫወቱም። ይኸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ትልልቆቹን ሊጎች ሁሉ ያሰባሰበ የፍጻሜ ጨዋታ የመጣው በ1998 ነው። አራት ቡድን የሚገባበት ጥሎ ማለፍ በ2014፣ አሥራ ሁለት ቡድን የሚገባበት ደግሞ በ2024።

ከዚያ በፊት ያለውን ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ናቸው የሚቆጥሩት። አላባማ 18 አለኝ ይላል። ዬል 27፣ ፕሪንስተን 28። የመጀመሪያው ጨዋታ በ1869 ነው፤ ረትገርስ ፕሪንስተንን 6 ለ 4 አሸነፈ። በዕድሜና በቆጠራ ከሆነ ፕሪንስተን ንጉሥ ነው። ግን ምሳ ላይ ፕሪንስተን ብትሉ ይሳቅባችኋል። እኔ ተስቆብኛል።

የእኔ መለኪያ እንዲህ ነው። አሰልጣኝ እየተቀያየረም ዋንጫ የማይቀርበት ቡድን ባላባት ነው። ኦሃዮ ስቴትን እዩ። ፖል ብራውን በ1942 አሸነፈ። ውዲ ሄይስ መጣ፣ እሱም አሸነፈ። ጂም ትረስል በ2002፣ ኧርባን ማየር በ2014፣ ራያን ዴይ በ2024። ሰው ይሄዳል፣ ቤቱ ይቀራል። ምን ትላላችሁ?

ከሚኒያፖሊስ፦

ወንድሜ፣ ጃኬትህ አስቆ ገደለኝ። እኔ አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ነው የምሠራው፣ የሌሊት ሺፍት። ዘጠና ያለፋቸው አንድ አባት ነበሩ። መድኃኒታቸውን የሚወስዱበትን ሰዓት ይረሳሉ። የእኔንም ስም ይረሳሉ። ግን ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥሩልኝ ነበር፦ 1934፣ 1935፣ 1936፣ 1940፣ 1941። ሚኒሶታ ሻምፒዮን የሆነባቸው ዓመታት ናቸው። በስምንት ዓመት አምስት ዋንጫ። አሰልጣኙ በርኒ ቢርማን ይባላል። አምስተኛዋን ጣት ሲያጥፉ እጃቸው ቡጢ ይሆናል፤ ያን ቡጢ እያዩ ዝም ይላሉ።

እና ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። ሚኒሶታን ከዝርዝሩ ማን አስወጣው? በ1960 ካገኘው ወዲህ ዋንጫ የለውም፤ እሺ። ነብራስካስ ከ1997 ወዲህ አለው? ኖተር ዴምስ ከ1988 ወዲህ? እነሱ ባላባት ተብለው ይኖራሉ፣ የእኔ አባት ግን ቢያወሩ ሰሚ የላቸውም። ባላባት ርስቱን የሚነጠቀው በስንት ዓመቱ ነው? ሕጉን አሳዩኝ።

ከአትላንታ፦

ኮሎምበስ፣ መለኪያህ ዞሮ ራስህን ነው የሚበላው። ማያሚን አስበው። 1983፣ 1987፣ 1989፣ 1991፣ 2001። አምስት ዋንጫ፣ አራት አሰልጣኝ። ኤልኤስዩ (የሉዊዚያናው ዩኒቨርሲቲ) ደግሞ በ1958፣ በ2003፣ በ2007ና በ2019 ሲያሸንፍ አራቱንም ያመጡለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ወደ ቴክሳስ እንምጣ። ከአራቱ ዋንጫ ሦስቱ የአንድ ሰው፣ የዳረል ሮያል ናቸው። በአንተ ሚዛን ኤልኤስዩ ይገባል፣ ቴክሳስ ይወጣል። ይህን ሂድና ዳላስ ውስጥ ተናገር፤ በሰላም ከወጣህ ደውልልኝ።

እኔ የጆርጂያ ነኝ። ልጄ እዚያ ነው የተማረችው፣ ክፍያውንም እኔ ነኝ የከፈልኩት፤ የመናገር መብት አለኝ። 2021ንና 2022ን አከታትለን ወሰድን። የሁለተኛው ፍጻሜ ቲሲዩ ከሚባል የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነበር፤ 65 ለ 7። ባለቤቴ ቡና አቀራርባ ነበር። አቦሉ ሳይቀዳ ጨዋታው አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ግን ልዋሽ አልችልም። ከ2021 በፊት ያለን 1980 ነው። አርባ አንድ ዓመት ባዶ እጅ። ስለዚህ ባላባት አይደለንም፤ ሹመኛ ነን። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። እኛ በልተናል።

ከሎስ አንጀለስ፦

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እዚህ ከተማ የገባሁት በ1982 ነው። ዩኤስሲ የሚጫወትበት ኮሊሲየም ለእኔ ሌላ ትዝታ አለው። የ1984 ኦሎምፒክ ማራቶን ያለቀው እዚያ ነው። ኢትዮጵያ ከሶቪየቶቹ ጋር አድማ መትታ አልመጣችም። መንገድ ዳር ቆሜ ሯጮቹ ሲያልፉ የእኛን ማልያ ስፈልግ ዋልኩ፤ እንደሌለ እያወቅሁ።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ስለ አላባማ 18 ዋንጫ ስታወሩ አንድ ቀን አስታውሱ። በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12፣ 1970፣ አላባማ ውስጥ በርሚንግሃም። የአላባማ ቡድን ያኔ ነጭ ብቻ ነበር። ዩኤስሲ ጥቁር ተጫዋቾቹን ይዞ ሄደ። ሳም ካኒንግሃም የሚባል ወጠምሻ ኳሷን ይዞ 135 ያርድ ሮጦ ሁለት ተችዳውን (እንደ ጎል ቁጠሩት) አገባ። 42 ለ 21 አለቀ። ያ ጨዋታ ብቻውን አላባማን ቀየረው የሚል ወሬ አለ። ያን ያህል እንኳ አይደለም። ዊልበር ጃክሰን የተባለ ጥቁር ተጫዋች ቀድሞ ፈርሞ ነበር፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለነበር አልተሰለፈም እንጂ። ሆኖም ሕዝቡ በዓይኑ ያየው ያን ቀን ነው። አሁን ቁጠሩ። ከ18ቱ ስምንቱ ጥቁር ተጫዋች ከመሰለፉ በፊት የተገኙ ናቸው። እኔ ዋንጫውን አልቀማቸውም። በሩ ተዘግቶ እንደነበር ግን ይጻፍልኝ።

ከዋሽንግተን፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔም ከዚያው ልቀጥል። በሩ ሲዘጋ ውጭ የቀሩት ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ሉዊዚያና ውስጥ ግራምብሊንግ የሚባል የጥቁሮች ኮሌጅ አለ። ኤዲ ሮቢንሰን እዚያ ከ1941 እስከ 1997 አሠለጠነ። ድሉ 408 ነው። አራት መቶ ስምንት! አንድ ሰው፣ አንድ ቤት። ስለ ባላባት ሲወራ ግን ስሙን የሚያነሳ የለም፤ ትምህርት ቤቱ «ከትልልቆቹ» ጋር ስላልተቆጠረ።

ይህን ያስተማሩኝ ተሳፋሪዎቼ ናቸው። ታክሲ ነው የምነዳው። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆምካሚንግ፣ የቀድሞ ተማሪዎች የሚመለሱበት በዓል፣ ቅዳሜ ጆርጂያ አቬኑ ላይ መኪና ቆሞ ነው የሚውለው። ሜትሩ እየቆጠረ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ስለ ዳግ ዊሊያምስ ነገሩኝ። የግራምብሊንግ ልጅ ነው። በጥር 1988 ሱፐር ቦውልን፣ የፕሮፌሽናሎቹን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ለዋሽንግተን ያመጣው እሱ ነው፤ ኳስ እየወረወረ ጨዋታውን በሚመራው በኳርተርባክ ቦታ ተጫውቶ ሱፐር ቦውል ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር። በአንድ ሩብ ብቻ አራት ተችዳውን ወረወረ። ሰውዬው ሲተርኩልኝ አራት መስቀለኛ መንገድ ለማለፍ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ሒሳቡን ሲከፍሉ አልተነጫነጩም።

ከሊንከን፣ ነብራስካ፦

አጭር ነው የምጽፈው፣ ሥራ ልገባ ነው። ሚኒያፖሊስ እህቴ፣ ሕጉ ምን እንደሆነ ባላውቅም እዚህ ያለውን ልንገርሽ። ከ1962 ጀምሮ በየጨዋታው ስታዲየሙ ሙሉ ነው። ሲሞላ በነብራስካ ሦስተኛው ትልቅ ከተማ ይሆናል ይላሉ። በ2003 አሰልጣኛቸው ዘጠኝ አሸንፎ ሦስት ተሸነፈ። አባረሩት። ቶም ኦዝበርን 25 ዓመት ሲያሠለጥን በአንድም ዓመት ከዘጠኝ በታች አሸንፎ ስለማያውቅ ዘጠኝ አነሰባቸው። ከ2016 ወዲህ ግን ዘጠኝ ማሸነፍ ራሱ ብርቅ ሆነባቸው። የሥጋ ፋብሪካ ጓደኞቼ ያቺን ዓመት ሲያነሱ ሟች የሚያነሱ ነው የሚመስለው።

ለአዲስ መጪ አንድ ምክር፦ ቅዳሜ ጨዋታ ሰዓት ሱፐርማርኬት ሂዱ። ባዶ ነው። የወር አስቤዛችንን የምንገዛው ያኔ ነው።

ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ እንደገና፦

አትላንታ፣ ተረታሁ። የኤልኤስዩዋ አራት ለአራት መልስ የላትም። መለኪያዬን አነሳሁ።

ጋሼ፣ ያሉት ትክክል ነው። ነገ ምሳ ላይ አነሳዋለሁ። ዝም እንደሚሉኝ ከአሁኑ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አነሳዋለሁ።

ሚኒያፖሊስ፣ ያንቺ ጥያቄ ግን ሌሊቱን ሲያስበኝ አደረ። የመጣልኝ ይህ ነው። ሚኒሶታ ሲሸነፍ የሚደሰተው ጎረቤት ብቻ ነው። ኖተር ዴም ሲሸነፍ ግን ከዚህ እስከ ካሊፎርኒያ ይሳቃል። ባላባት ርስቱን የሚያጣው በውድቀቱ የሚስቅ ሰው ሲያጣ ይመስለኛል። ነብራስካ አሁን እዚያ ድንበር ላይ ነው ያለው፤ ሊንከን፣ ይቅር በለኝ።

ምስክሬን ልጥራ። በ2024 የልጄ ክርስትና ነበር። የእንቁጣጣሽ ልጅ ናት፤ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትናዋ ኅዳር 21፣ በጽዮን ዋለ። በፈረንጅ ኖቬምበር 30፣ ቅዳሜ። ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋን እኩለ ቀን ላይ ይጀምራሉ። እኔ ምን ላድርግ፣ ሰማንያ ቀን አይገፋ! የሥራ ጓደኞቼን ጠራሁ። ፎርክሊፍት ነጂው ብቻ መጣ። የነቢያት ጾም ስለገባ ምስር ወጥ፣ ሽሮና ጎመን ነበር የቀረበው። ሰውዬው በአንድ እጁ እንጀራ ይጠቀልላል፣ በሌላው ጠረጴዛ ሥር ስልኩን ይዟል። ያለ ወትሮው ቤቱ ጸጥ ብሎበታል መሰለኝ፣ ድንገት «ኖ!» ሲል ካህኑ ሳይቀሩ ዞሩ። ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው ሚሺጋን አግብቶ 13 ለ 10 ሆኗል። ኦሃዮ ስቴት በሜዳው፣ እንደሚያሸንፍ ሁሉም እየጠበቀው ተሸነፈ። ሰውዬው የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። እናቴ «ምግቡ አልተስማማውም?» አለችኝ። «የለም እማዬ፣ ሐዘን ደርሶበት ነው» አልኳት። ነፍስ ይማር ብላ አንገቷን ደፋች።

አሁን ስሙ። ያው ኦሃዮ ስቴት በዚያው የውድድር ዓመት ጥሎ ማለፉን ጨርሶ በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ኖተር ዴምን 34 ለ 23 አሸንፎ የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ። ማክሰኞ ጠዋት ሰውዬው ሁለት ካርቶን ዶናት ይዞ መጣ። ሁሉንም አቀፈ። እኔንም። ሐሙስ ዕለት ምሳ እየበላን ድንገት አንገቱን ነቀነቀና «ግን እኮ 13 ለ 10» አለኝ።

ጃኬቱን ለጠየቃችሁኝ፣ አሁንም አለ። ገበሩ አልሳሳም። ኅዳር ላይ ገልብጬ እለብሰዋለሁ።