ጥያቄ፦ የታካሚ ኬዝ በቴሌግራም ስንመካከርበት እንዴት እናቅርበው?

ጠያቂ (ጤና መኮንን፣ ምሥራቅ ጎጃም)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምሠራው ጤና ጣቢያ ነው። አብረን የተመረቅን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ የከበደንን ኬዝ እዚያ እንጥላለን። ችግሩ አንዱ ቶሎ ብሎ «ታይፎይድ ነው» ካለ የቀረው አውራ ጣት እየለጠፈ ያልፋል። ክርክር የሚባል የለም።

አሁን አንድ ወጣት ገበሬ ይዣለሁ። ትኩሳቱ ወር አልፎታል፤ ከስቷል፤ ጣፊያው በእጅ ይዳሰሳል። የወባ ምርመራው ተደጋግሞ ነጻ ነው። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ስለነበር የታይፎይድ መድኃኒት ወስዶ ጨርሷል፤ ለውጥ የለም። የሆዱን ፎቶ ልለጥፍ ወይስ ይቅር? ደግሞስ ቁም ነገር ያለው መልስ እንዲመጣ ምን ብዬ ልጻፍ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ባሕር ዳር

ፎቶውን ተወው። ጣፊያ በፎቶ አይለካም። ከጎድን አጥንት በታች ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ጻፍ፤ ያ ይበቃል።

ከጽሑፍህ የጎደለው ሌላ ነው። ሰውየው ባለፈው ክረምትና መኸር የት ነበር? የኛ አገር ወጣት ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። ጠይቀውና ተመለስ። ዊዳልን ደግሞ ብዙ አትመነው። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር አንድ ጊዜ ተሠርቶ ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ጠያቂ

ጠየቅሁት ዶክተር። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ከርሞ ነው የመጣው። ማታ ማታ ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር ነበር የሚተኙት። ጣፊያው 8 ሴንቲ ሜትር ወርዷል።

ላብራቶሪ ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም

ታዲያ ካላዛር፣ ያ ጣፊያ የሚያሳብጠው የጥገኛ ተውሳክ በሽታ፣ ከዝርዝሩ አናት ላይ ይቀመጣላ! በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዚያ ቆላ የምትኖረው መረሬ አፈርና ግራር ባለበት ነው። ሰው ተነክሶ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ቆይቶ ነው የሚታመመው። ስለዚህ አገሩ ገብቶ፣ አጨዳውን ረስቶ ነው ትኩሳቱ የሚጀምረው። ታካሚው ራሱ አያገናኘውም፤ ካልጠየቅከው አይነግርህም።

አርኬ-39 የሚባል የካላዛር ፈጣን ምርመራ አለ፤ ጥቂት ደም ነው የሚፈልገው። እናንተ ጋ ከሌለ ሪፈር በል። እስከዚያው ሲቢሲ (የደም ሕዋስ ቆጠራ) የሚሠራ ካገኘህ ነጭ የደም ሕዋስ፣ ሄሞግሎቢንና ፕላትሌት ሦስቱም ወርደው እንደሆነ እይ። የኤችአይቪ ምርመራ እንዳይቀር፤ ሁለቱ ሲደረቡ ሕክምናው ይለያል፣ ይከብዳልም።

ጠቅላላ ሐኪም፣ ደብረ ማርቆስ

እኔ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ አውራ ጣቱ ነገር። የልጆቹ ስንፍና አይምሰልህ። ሰው የሌላውን መልስ ካየ በኋላ የራሱን ማሰብ ያቆማል፣ በተለይ መጀመሪያ የመለሰው ሲኒየር ከሆነ።

በ2019 እንደ ፈረንጆቹ ጃማ ኔትወርክ ኦፕን የሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ከ1,500 በላይ ኬዞች በኢንተርኔት ለሐኪሞች ቀርበው ነበር። አንድ ሐኪም ብቻውን ትክክለኛውን በሽታ 62.5 በመቶ ያህል ሲያገኝ፣ የ9 ሰው መልስ ሲጠቃለል 85.6 በመቶ ደረሰ። ቁም ነገሩ ዘጠኙም ለየብቻ መመለሳቸው ነው፤ ተያይተው አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ኬዙ ይለጠፍና ሁሉም ሦስት ሦስት ግምት በውስጥ መስመር ለአንድ ሰው ይላክ። ማታ ላይ ያ ሰው ሰብስቦ ስም ሳይጠራ ይለጥፈው። ከዚያ በኋላ ተከራከሩ። የቴሌግራም ፖል አልመክርም፤ ምርጫውን አንተ ከጻፍክ ካላዛርን ማን ያስታውሳል?

የሚያጣድፍ ታካሚ ግን ለግሩፕ አይቀርብም። ራሱን የሳተ ሰው ይዘህ መልስ አትጠብቅ፤ ስልክ ደውል፣ አምቡላንስ ጥራ።

ነርስ፣ ደምበጫ አካባቢ

ስለ ፎቶ እኔም የምለው አለኝ። እኛ ጋ የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ብዙ ነው። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ዘመን መቁጠር የሚያመጣው ነው። ሰዉ ግን «ዘር ነው» ይላል፤ በዚህ ሰበብ ጋብቻ ይፈርሳል። የአንዲት እናት እግር ፎቶ ግሩፕ ለግሩፕ ሲዞር አይቻለሁ። ፊቷ የለም። እግሯን የደገፈችበት እጅ ላይ ያለው የመስቀል ንቅሳት ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። እዚህ አገር ገበያ የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ፊት አያስፈልግም።

ዓይን ላይ ጥቁር መስመር ማድረግም ዋጋ የለውም። ቁስሉን ብቻ አስጠግቶ ማንሳት ነው፤ ነጠላው፣ ማተቡ፣ ካርዱ፣ ግድግዳው ሁሉ ይውጣ። ዕድሜውን «ሃያዎቹ ውስጥ» በሉ፣ የቀበሌ ስም አትጻፉ።

ፋርማሲስት፣ ቡሬ

ሲስተር፣ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከመጣ ማን ኬዝ ያካፍላል? በጽሑፍ ብቻ የቆዳ በሽታ አይታወቅም። የቆዳ ስፔሻሊስት እኛ ጋ የለም።

ነርስ፣ ደምበጫ አካባቢ

አይካፈል አላልኩም ወንድሜ። ይጠየቅ ነው ያልኩት። ደግሞ «እሺ» ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው ገበሬ እምቢ አይልም። «ፎቶውን ሌሎች ሐኪሞች ያዩታል፤ ባትፈልግም ሕክምናህ አይጓደልም» በሉትና ፎቶውን ራሱን አሳዩት። ፈቃዱንም ካርዱ ላይ ጻፉ።

የጤና መረጃ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ሲስተር ልክ ናት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ጋር ነው የመደበው።

ከስልኩ በኩልም ሁለት ነገር ልብ በሉ። በቴሌግራም ፎቶን «ፋይል» አድርጋችሁ ስትልኩ የተነሳበት ቦታና ሰዓት አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይራገፋል። የቴሌግራም ግሩፕ ደግሞ እንደ ሚስጥራዊው ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም። እና ስልካችሁ ፎቶ በራሱ ወደ ጉግል የሚጭን ከሆነ የታካሚው ቁስል ከልጆቻችሁ የልደት ፎቶ ጋር ተቀምጧል ማለት ነው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ባሕር ዳር

አንድ ነገር ልጨምር። መጨረሻውን ንገሩን። መቶ ኬዝ ይለጠፋል፣ ውጤቱ የሚነገረው የጥቂቱ ነው። ግምቴ ስህተት መሆኑን ካልሰማሁ ነገም ያንኑ እደግማለሁ። ካርዱ ላይም ግሩፑ ሳይሆን አንተ ነህ የምትፈርመው፤ የሰማኸውን ሁሉ ከታካሚው ጋር አመሳክር።

ጠያቂ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሪፈር ጽፌለታለሁ፤ ከአጎቱ ጋር ነገ ይሄዳል። የመተማውን ነገር በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበታለሁ። የአርኬ-39 ውጤት እንደመጣ እዚሁ እጽፋለሁ። ለግሩፑም ኬዙን ያለ ፎቶ ለጥፌዋለሁ፣ መልሱ በውስጥ መስመር ይምጣ ብዬ። እስካሁን አራት ሰው ልኳል፤ ሁለቱ ታይፎይድ ብለዋል።