የማኅበራችን ጉዞ ወደ ጢያ፣ ነጭ ሳር፣ ኮንሶ፦ ረቂቅ 2፣ አስተያየት እስከ ሐሙስ ብቻ (ስማችን በየሰፈራችን)

ጸሐፊ፦ 22 ሰው፣ አንድ ኮስተር። ዓርብ ጥር 15 ከንጋቱ 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ መነሻ። መንገዱ በቡታጅራ፣ ሆሳዕና፣ ሶዶ ነው፤ የሻሸመኔውን ባለፈው ጥለነዋል፣ እንዳትመልሱት። ጢያ ትክል ድንጋዩ ጋ የአንድ ሰዓት ቆይታ፣ ምሳ ቡታጅራ፣ አዳር አርባ ምንጭ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ነጭ ሳር ፓርክ፣ ሜዳው ላይ። እሑድ በማለዳ ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባ፣ ከዚያ ኮንሶ ደርሶ መልስ። ሰኞ ወደ ቤት። ዋናው ዓላማ ፓርኩ ነው፤ ጊዜ ቢያጥር የሚቀነሰው ሌላው ነው።

ሰሚት፦ ኮስተር ሜዳው ላይ አይደርስም። ጫካው ውስጥ ያለው መንገድ ደህና ነው፤ ችግሩ በእግዜር ድልድይ፣ ማለትም በአባያና በጫሞ መሃል ባለው ከፍታ፣ ሽቅብ ሲወጣ ነው። ድንጋዩ የሾለ ነው፣ የኮስተር ሆድ ይመታል። አርባ ምንጭ ላይ ላንድክሩዘር ያዙ። ባለ 8 ወንበር ቢባልም ሹፌርና ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ሲቀነሱ የሚቀረው 6 ነው። ስለዚህ ለ22 ሰው 4 መኪና ነው፤ በጀቱ ላይ ግን የተያዘው 3 ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ አራተኛ መኪና በጀት ላይ የለም። ቅድሚያውን 2,000 ብር የከፈሉት 13 ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ስማቸውን እዚህ እንድለጥፍ አታድርጉኝ።

አስኮ፦ ዓርብ ቡታጅራ ገብተን ምን ልንበላ ነው? ክትፎ ቤት ተቀምጠን ሽሮ ልናዝ?

ሽሮ ሜዳ፦ ሽሮ ምን አጠፋ?

አስኮ፦ ቀልድ አይደለም። ባለፈው ዝዋይ ስንሄድም ረቡዕ ነበር። ይሄ ኮሚቴ ቀን ሲመርጥ ካሌንደር አያይም።

ጀሞ፦ የበያይነቱ ቤት ሞልቷል። የጀልባውን ማኅበር እኔ እደውልላቸዋለሁ፣ ተዉት። አርባ ምንጭ ማታ ስንገባ ደግሞ ዓሣ አለ።

እትዬ ፒያሳ፦ ዓሣ በዓርብ? የማን ጾም ነው?

ጀሞ፦ ብዙ ሰው ይበላል እኮ እትዬ።

እትዬ ፒያሳ፦ ብዙ ሰው ስለበላ ጾም አይሆንም። ለንስሐ አባትህ ንገራቸው።

ኮልፌ፦ እኛ የማንጾመው 7 ነን። ቡታጅራ የሙስሊም ሥጋ ቤት በሽ ነው፣ እኛ እንበላለን፣ እናንተ ጠብቁን። ለአንድ ምሳ ፓርክ አይሰረዝም።

አስኮ፦ አዎ፣ እናንተ ስትበሉ እኛ መስኮት ላይ ቆመን እንይ። በጣም ጥሩ ማኅበር።

ሰሚት፦ ሐሙስ እንነሳና ይለቅ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሐሙስ ማለት አንድ ተጨማሪ የኮስተር ቀን፣ አንድ ተጨማሪ አዳር ለ22 ሰው፣ የሹፌር አበልም አለ። በዚያ ገንዘብ አራተኛው ላንድክሩዘር ይከራያል። ለክትፎ ከምትከፍሉ ለመኪና ክፈሉ።

አስኮ፦ ነገሩን ወደ ክትፎ ያወረድከው አንተ ነህ። እኔ ስለ መርህ ነው የማወራው።

ገንዘብ ያዥ፦ መርሁን ቅድሚያ በመክፈል ጀምር።

ጸሐፊ፦ በቃ! ሁለታችሁም።

ቨርጂኒያ፦ እኔ የውጭ ፓስፖርት ነው ያለኝ። የፓርክ መግቢያ ለነዋሪና ለውጭ ዜጋ ይለያያል፤ በቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) የትኛውን እንደሚያስከፍሉ ቀድሞ ይጠየቅልኝ። በር ላይ መከራከር አልፈልግም። የአውሮፕላን ትኬቴን ለጥር ቆርጫለሁ።

ሽሮ ሜዳ፦ መፍትሔ አለኝ። በዓለ ሃምሳ! ከፋሲካ በኋላ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ሚያዝያ 16 ዓርብ ነው። ሁሉም ይበላል።

አስኮ፦ ይሄ ሰው ይመስገን።

እትዬ ፒያሳ፦ እሰይ።

ሰሚት፦ ሚያዝያ የዚያ አገር ዋናው ዝናብ ነው። በመኪናም ቢሆን ሜዳው ላይ አትገቡም፤ ጥቁር አፈር ነው፣ አንድ ሌሊት ከዘነበ ጎማው በጭቃ ተሞልቶ ጥርሱ ይጠፋል፣ ባለ አራት ጎማ ነጂውም ባለበት ይሽከረከራል። ደግሞ ነጭ ሳር ነጭ የተባለው በበጋ ሳሩ ደርቆ ሲነጣ ነው። በሚያዝያ የምታዩት አረንጓዴ ሜዳ ነው፣ የሜዳ አህያውም ረጅም ሳር ውስጥ ነው።

አስኮ፦ አረንጓዴ ምን ችግር አለው?

ኮልፌ፦ ሜዳው ከቀረ አዞው ይበቃል። ጀልባው የሚነሳው ከጫሞ ነው፤ የአዞ እርባታው አባያ ሐይቅ በኩል ነው፣ ባለፈው ግማሹ ሰው እዚያ ሄዶ ሲጠብቅ ነበር። አዞ ገበያ የሚባለው ኩልፎ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት ጋ ነው። አዞ ፀሐይ ሊሞቅ በማለዳ ይወጣል፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ጀልባዋን ያንገላታታል። 3 ጀልባ፣ 8፣ 7፣ 7። ከመሳፈራችሁ በፊት የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ቁጠሩ፣ መቆለፊያው የተሰበረውን መልሱ። ጀሞ፣ ደወልክ?

ጸሐፊ፦ ጀሞ?

ሰሚት፦ ለጀልባ ብቻ 430 ኪሎ ሜትር? ኮንሶም በዝናብ አያስኬድም፣ የመንደሩ መተላለፊያ በድንጋይ ካብ መሃል ያለ ጠባብ መንገድ ነው፣ ያንሸራትታል።

ሽሮ ሜዳ፦ እንግዲያው ሚያዝያ 16 ላይ በአንድ ቀን የሚያልቀውን እናድርግ። መልካ ቁንጥሬ፣ በ2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኗል፣ ሙዚየሙን ማየት ነው። ከዚያ አዳዲ ማርያም፤ ከአስፋልቱ መውጣት አለው፣ ቤተ ክርስቲያኗ ከአለት የተፈለፈለች ስለሆነች ለመግባት ጫማ ታወልቃላችሁ፣ ካልሲ ያዙ። ከዚያ ጢያ፤ 36 ትክል ድንጋይ፣ 32ቱ ቅርጽ ያለባቸው። ድንጋዮቹ ላይ የተቀረጹትን ሰይፎች በደንብ ለማየት ጠዋት ወይም ወደ ማታ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ስለሌለ ቅርጹ ይጠፋል። ምሳ ቡታጅራ።

አስኮ፦ ደገፍኩ።

እትዬ ፒያሳ፦ እኔም።

ሰሚት፦ ይሄ ማኅበር ፓርክ ለማየት ነበር ገንዘብ የሰበሰበው።

ጸሐፊ፦ 11 ደገፉ፣ 4 ተቃወሙ፣ ሌሎቻችሁ ዝም። ረቂቅ 3 በዚሁ ይጻፋል። ነጭ ሳር ለሚቀጥለው በጋ።

ቨርጂኒያ፦ የእኔ ትኬትስ? ቅድሚያው ይመለሳል ወይ?

ገንዘብ ያዥ፦ ወጪው ስለቀነሰ ልዩነቱ ይመለሳል፣ ግን ከጉዞው በኋላ። አሁን የሚያስፈልገኝ ዝርዝር ነው፤ ክትፎ ቤቱ ለ22 ሰው ቀድሞ ካልታዘዘ አይደርስም። ጥሬ፣ ለብለብ፣ የበሰለ፣ ከነአይቡና ጎመኑ። የሙስሊሙ ለብቻ። እስከ ሐሙስ።

አስኮ፦ ለብለብ። ቅድሚያውን ነገ አስገባለሁ።